ልጅን መክሰስ ቀርቶ ልጅን መጠበቅ፦ «ሴፍ ሃርበር» የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ምንድን ነው?

በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀረበለት። የ13 ዓመት ልጅ በሴተኛ አዳሪነት ልትከሰስ ትችላለች ወይ?

ልጅቷ የተያዘችው ሂውስተን ውስጥ ነው። መንገድ ላይ ያነጋገረችው ሰው ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ነበር። ዕድሜዋን ዋሸች፣ ትልቅ ነኝ አለች። በኋላ 13 ዓመቷ መሆኑ ታወቀ፤ አብሯት ይኖር የነበረው «ጓደኛዋ» ደግሞ የ32 ዓመት ሰው ነበር። ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላም ቢሆን ክሱ አልቀረም። የተከሰሰችው እሷ ነበረች።

እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ግን ሌላ ሕግ አለ። ዕድሜው 14 ያልሞላ ልጅ ለወሲብ ፈቃድ መስጠት አይችልም ይላል። አንድ ጎልማሳ ሳይከፍል ቢተኛት እሱ ወንጀለኛ፣ እሷ ተጎጂ ነበረች ማለት ነው። ገንዘብ ጥሎላት ከሄደ ግን እሷም ወንጀለኛ ልትሆን ነው። የፍርድ ቤቱ አብላጫ ዳኞች ይህ አይሆንም አሉ። ፈቃድ መስጠት የማትችል ልጅ ፈቅዳ ራሷን ሸጠች ተብላ ልትከሰስ አትችልም ብለው ክሱን ሰረዙት።

ቴክሳስ ብቻ አልነበረችም። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል እንዲህ ያለው ክስ ለዓመታት የተለመደ ነበር። ይህን ለመቀየር ክፍለ ግዛቶች ያወጧቸው ሕጎች በጥቅሉ «ሴፍ ሃርበር» ይባላሉ። ደህና መጠጊያ እንደ ማለት ነው። ልጅ የምታሳድጉ፣ ሆቴል የምትሠሩ፣ ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ፣ አስተማሪ ወይም ነርስ የሆናችሁ፣ ጉዳዩ ይመለከታችኋልና እንየው።

ልጆችን ለወሲብ መነገድ ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚታየው ጠለፋ ነው። የማይታወቅ መኪና፣ ታፍና የተወሰደች ልጅ፣ የተሻገረ ድንበር። እንዲህም ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ከዚህ በጣም ጸጥ ያለ ነው።

የፌዴራሉ ሕግ በ2000 የወጣ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በዋጋ ለወሲብ ከቀረበ ወንጀል ነው ይላል። ዋጋ ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም። ስልክ ሊሆን ይችላል። ጫማ፣ ዕፅ፣ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ሊሆን ይችላል። አዋቂ ሰው ላይ ሲሆን አስገድደዋታል ወይም አታለዋታል ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። ልጅ ላይ ግን አያስፈልግም። «ራሷ ፈልጋ ነው» የሚለው መከላከያ እዚህ አይሠራም።

ድንበር መሻገርም አያስፈልግም። ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርና በሰው መነገድ ሁለት የተለያዩ ወንጀሎች ናቸው። ልጅቷ ከተወለደችበት ሰፈር ሳትወጣ፣ ማታ ማታ ቤቷ እየተመለሰች፣ ጠዋት ትምህርት ቤት እየሄደች ልትነገድ ትችላለች። ነጋዴው የገዛ ዘመዷ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ወንዶች ልጆችም ይነገዳሉ፤ እነሱ ደግሞ ከሴቶቹ ይልቅ አፋቸውን ይይዛሉ።

በ2015 አንድ ነገር ተጨመረ። ገዢው፣ ማለትም ከፍሎ ልጅ የሚፈልገው ሰው፣ በዚሁ የፌዴራል ወንጀል እንደሚጠየቅ በግልጽ ተጻፈ። ቅጣቱ ቀላል አይደለም። ልጁ ከ14 እስከ 17 ዓመት ከሆነ ትንሹ እስራት 10 ዓመት ነው። ከ14 በታች ከሆነ ወይም ማስገደድ ካለበት 15 ዓመት።

ፌዴራሉ ተጎጂ ናት ካለ ለምን ይከሷት ነበር?

ምክንያቱም ሴተኛ አዳሪነትን የሚከለክለው የክፍለ ግዛት ሕግ ነው። መንገድ ላይ የሚይዛት የከተማው ፖሊስ ነው። የሚከሳት የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ፣ የሚፈርድባትም የአካባቢው ዳኛ። ዋሽንግተን ላይ «ተጎጂ» ተብላ የተጻፈችው ልጅ ሰፈሯ ስትመለስ ተከሳሽ ትሆናለች።

ሌላም ምክንያት ነበር፣ ይሄኛው ትንሽ ይከብዳል። አንዳንድ ፖሊሶችና ዳኞች ልጅቷን የሚያስሯት ክፉ ሆነው አልነበረም። ብንለቃት ወዴት ትሄዳለች? ነጋዴው ውጭ ቆሞ እየጠበቃት ነው። መጠለያ የለም። ያለው ቤት የታዳጊዎች እስር ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ «ለደህንነቷ» እያሉ ያስገቧታል። ልጅቷ ግን ከዚያ የምትማረው አንድ ነገር ነው። ነጋዴው «ለፖሊስ ብትናገሪ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ» ሲላት ነበር፤ እውነቱን እንደነበር ታያለች። ከዚያ ወዲያ ማንን ታምናለች?

ታዲያ ሕጉ ምን ለወጠ?

መጀመሪያ ያወጣችው ኒው ዮርክ ናት፣ በ2008። በ2010 ኢሊኖይ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ማንም ልጅ በሴተኛ አዳሪነት አይከሰስም አለች። ካሊፎርኒያ ከጥር 2017 ጀምራ ተከተለች። ዛሬ ከግማሽ የሚበልጡት ክፍለ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ልጅን በዚህ ወንጀል አይከሱም። ሌሎቹ ወይ ክሱን በተሃድሶ ፕሮግራም ይለውጡታል፣ ወይ ልጁ ተጎጂ መሆኑን ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲያስረዳ ይጠይቁታል። የ15 ዓመት ልጅ ነጋዴዋን እየፈራች ቆማ «እንዲህ ተደርጌ ነበር» ብላ እንድታስረዳ መጠበቅ ከባድ ነው።

ሁሉም ሴፍ ሃርበር ተብለው ቢጠሩም በጣም ይለያያሉ። ዋናው ልዩነት ያለው ክሱ ከቀረ በኋላ በሚመጣው ነገር ላይ ነው።

ቴነሲን እንይ። በ2011 የወጣው ሕጓ ልጅን ከክስ ነጻ አደረገ። ፖሊሱ የያዛት ልጅ ከ18 በታች መሆኗን ሲያውቅ የእርዳታ ስልክ ቁጥር ይሰጣታል፣ ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ያስረክባታል። ከእስር ቤት በጣም ይሻላል፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ግን ልጅቷ የሸሸችው ከዚያው ቤት ከሆነስ? የምትተኛበት የሌላት ልጅ ስልክ ቁጥር ይዛ ምን ታደርጋለች?

በእኔ እምነት የእነዚህ ሕጎች መመዘኛ እዚህ ላይ ነው። አለመክሰስ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። አልጋ፣ ሐኪም፣ አማካሪ፣ ትምህርት ቤት፣ ጠዋት ደውሎ «እንዴት አደርሽ» የሚላት ሰው ከሌለ ልጅቷ ወደ ነጋዴው ትመለሳለች። ስለወደደችው አይደለም። እራት ያለው እሱ ጋ ስለሆነ ነው።

ሚኒሶታ ምን አደረገች?

ብዙ ሐበሻ ያለባት ሚኒሶታ በዚህ ጉዳይ በተደጋጋሚ እንደ ምሳሌ ትጠቀሳለች። ሕጉ በ2011 ወጣ። ግን ወዲያው ሥራ ላይ አልዋለም። ሦስት ዓመት ለዝግጅት ተሰጠ፣ ሙሉ በሙሉ የጀመረውም ነሐሴ 1 ቀን 2014 ነው። በእነዚያ ዓመታት ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ሐኪሞች፣ መጠለያዎችና ራሳቸው ከዚህ የወጡ ሴቶች ተቀምጠው ሥራውን እንዴት እንደሚይዙት ተነጋገሩ። በመሃል በ2013 ሕጉ ተሻሻለና ጥበቃው ከ18 ዓመት በታች ላሉ ሁሉ ሆነ።

ከውይይቱ የወጣው አሠራር «ኖ ሮንግ ዶር» ይባላል፣ የተሳሳተ በር የለም ማለት ነው። አንድ ቢሮ ሄዳችሁ «እዚህ አይደለም፣ መስኮት 5 ጠይቁ» ተብላችሁ፣ መስኮት 5 ደግሞ «ኃላፊው ወጥተዋል፣ ነገ ኑ» ብሏችሁ ታውቁ የለ? ያ የሚሆነው ጉዳዩ የተጎዳች ልጅ ስትሆን ሁለተኛ አትመጣም። ስለዚህ ልጅቷ የትኛውንም በር ብታንኳኳ፣ የትምህርት ቤት ነርስም ትሁን፣ ድንገተኛ ክፍልም ይሁን፣ ፖሊስም ይሁን፣ ያ በር ራሱ ወደ እርዳታው ያደርሳታል።

ይህን የሚያገናኙ ሰዎች «ሪጅናል ናቪጌተር» ይባላሉ። ክፍለ ግዛቱ በአካባቢ ተከፋፍሎ ለየአካባቢው ተመድበዋል። ሥራውን የሚመራው የጤና መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ፖሊስ አይደለም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም ጉዳዩን ከወንጀል ዶሴ አውጥቶ የጤና ጉዳይ ያደርገዋል።

አንድ ተጨማሪ ነገር። 18 ዓመት ሲሞላ ቁስሉ አይድንም። ስለዚህ ከ2016 ጀምሮ እርዳታው እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ሆኗል።

ገንዘቡስ? ዋናው የሚመጣው ከክፍለ ግዛቱ በጀት ነው። ከዚያ ሌላ ገዢዎችና ነጋዴዎች ሲፈረድባቸው ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላሉ። ከዚህ ውስጥ 40 በመቶው ለፖሊስ ሥልጠና፣ 20 በመቶው ለዐቃቤ ሕግ፣ 40 በመቶው ለተጎጂዎች አገልግሎት ይሄዳል።

አንዲት ልጅ ብትገኝ በተግባር ምን ይሆናል?

እንበል የ15 ዓመት ልጅ ናት። ከቤት ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ፖሊስ ሆቴል ክፍል ውስጥ አገኛት። መታወቂያ የላትም፣ 19 ነኝ ትላለች፣ ትሳደባለች፣ «እሱን አትንኩት» ትላለች።

ድሮ ቢሆን ካቴና፣ ጣቢያ፣ አሻራ፣ ዳኛ ነበር።

አሁን ፖሊሱ ናቪጌተር ጋር ይደውላል። የምትመጣው ሴት ዩኒፎርም አልለበሰችም። መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ነጋዴው አይደለም። በልተሻል? በርዶሻል? የምትለብሺው አለ? ትላታለች። ከዚያ ሐኪም። ከዚያ መጠለያ፣ አድራሻው ለማንም የማይነገር።

ምርመራውም መልኩ ተቀይሯል። ልጅቷ ያለፈችበትን ለፖሊስ፣ ከዚያ ለሶሻል ወርከር፣ ከዚያ ለዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያ ለሐኪም እየደጋገመች እንዳትናገር ለልጆች ተብሎ በተዘጋጀ ክፍል፣ ሥልጠና ያለው አንድ ሰው ያነጋግራታል፤ ንግግሩ ይቀረጻል። ክፍሉ ውስጥ ሶፋና ለስላሳ መብራት ነው ያለው። ሌሎቹ ከጎን ክፍል ሆነው ያዳምጣሉ።

ትሸሻለች? ብዙዎቹ ይሸሻሉ። አንዴም አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን እንደ ውድቀት አያዩትም። ስትመለስ በሩ ክፍት ሆኖ እንድታገኘው ነው የሚሠሩት።

ሕጉ የማይደርስበትስ?

ሴፍ ሃርበር የሚሸፍነው በአብዛኛው ሴተኛ አዳሪነትን ነው። ነጋዴዎች ግን ልጆችን ሌላም ያሠሯቸዋል። ዕፅ ያሲዟቸዋል፣ ያሰርቋቸዋል፣ ሌላ ልጅ እንዲመለምሉ ያስገድዷቸዋል። ለእነዚህ ጥፋቶች ብዙ ቦታ አሁንም ይከሰሳሉ።

የሲንቶያ ብራውንን ጉዳይ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በ2004 ናሽቪል ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ሰው ይሸጣት ነበር። ለወሲብ ወደ ቤቱ የወሰዳትን የ43 ዓመት ሰው ተኩሳ ገደለች፣ ሊገድለኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነው አለች። እንደ አዋቂ ተዳኝታ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፤ 51 ዓመት ሳትታሰር አትፈታም ተባለ። በጥር 2019 የቴነሲው ገዥ ቢል ሃስላም ቅጣቷን ቀነሱላት፣ ነሐሴ 7 ቀን 2019 ወጣች። 15 ዓመት ታስራለች። ቴነሲ በ2011 ያወጣችው ሕግ ያኔ ቢኖር እንኳ ከግድያ ክስ አያድናትም ነበር።

ሌላው የቆየ ዶሴ ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተፈረደባቸው ሰዎች ሥራ በጠየቁ ቁጥር ያ ክስ ይወጣባቸዋል። ለዚህ ኒው ዮርክ በ2010 ቀዳሚ ሆና እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰረዝበትን መንገድ ከፈተች፤ ሌሎች ብዙዎችም ተከትለዋታል።

«እኛ ቤት ይህ አይገባም» የሚሉስ?

ይገባል። ነጋዴ ዘር አይመርጥም። የሚመርጠው ብቸኛ የሆነች ልጅ ነው። እናት ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ አባት ሌሊት ይነዳል፣ ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ስልክ ይዛ ብቻዋን ናት። ኢንስታግራም ላይ አንድ ሰው «ቆንጆ ነሽ» ይላታል። ያዳምጣታል። ስጦታ ይልካል። ፎቶ ይጠይቃል። ከዚያ ያንን ፎቶ ለአባትሽ እልከዋለሁ ይላል። የእኛ ልጆች ደግሞ አባት ምን እንደሚል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ምን እንደሚወራ በደንብ ያውቃሉ። ነጋዴው የሚጠቀመው ይሉኝታችንን ነው። ልጅቷ ከእሱ ይልቅ እኛን ስትፈራ ነገሩ አለቀለት።

ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ያልገዛችሁላት ስልክ ወይም ልብስ። በዕድሜ በጣም የሚበልጥ «ጓደኛ»። ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ማደር፣ መጥፋት። አዲስ ንቅሳት፣ በተለይ የሰው ስም። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሲደራረብ ግን መጠየቅ ነው። በቁጣ ሳይሆን ቁጭ ብሎ።

ሆቴል ለምትሠሩ፣ ሚኒሶታ በ2018 ባወጣችው ሕግ የሆቴል ሠራተኞች ይህን ለይተው እንዲያውቁ ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው። ክፍል የሚያጸዱ ሰዎች ማንም የማያየውን ያያሉ። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ክፍል፣ ለቀናት «አታጽዱ» የሚል ምልክት፣ ፎጣ በብዛት መጠየቅ፣ እየተፈራረቁ የሚገቡ ወንዶች፣ ዓይኗን ቀና የማታደርግ ልጅ። ራሳችሁ ገብታችሁ ለማዳን አትሞክሩ። ለኃላፊ ወይም ለፖሊስ ተናገሩ።

«ከተናገርኩ ልጄን ይወስዱብኛል» የሚለው ፍርሃትስ?

ይህን ፍርሃት አቅልዬ አላየውም። ቻይልድ ፕሮቴክሽን (የልጆች ጥበቃ ክፍል) የሚለውን ስም ሰምቶ የማይደነግጥ ሐበሻ ወላጅ ጥቂት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ በልጅ የመነገድ ጥርጣሬ ሲደርሰው ካውንቲው የማጣራት ግዴታ አለበት፣ ነጋዴው የቤተሰብ ሰው ባይሆንም። ስለዚህ አዎ፣ ሰው ይመጣል። ግን ነጋዴው የውጭ ሰው ሲሆን የሚመጡት ወላጁን ጥፋተኛ ብለው አይደለም። ልጅቷ ደህና እንድትሆን ምን ያስፈልጋል የሚለውን ለማየት ነው።

አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ነርስና ሶሻል ወርከር የመሳሰሉት ደግሞ ምርጫ የላቸውም። ሚኒሶታ ውስጥ ጥርጣሬ ካደረባቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለባቸው። በፌዴራል ሕግም በ2014 በወጣው መሠረት ከፎስተር ኬር፣ ማለትም መንግሥት ከወላጅ ውጭ ካስቀመጠበት ቤት፣ የጠፋ ልጅ እንደታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ መነገር አለበት። ቤት ጥለው የጠፉ ልጆች ለነጋዴ ቅርብ ስለሆኑ ነው።

ወረቀት የሌላት ልጅ ብትሆንስ?

ተጎጂነቷ አይቀየርም። በ2000 የወጣው ሕግ «ቲ ቪዛ» የሚባል ፈጥሯል፣ ለተነገዱ ሰዎች የሚሰጥ፣ በዓመት እስከ 5,000። አዋቂዎች ሲያመለክቱ በመደበኛው ከፖሊስ ጋር መተባበር ይጠበቅባቸዋል፤ ሲነገድ ከ18 በታች የነበረ ሰው ግን አይጠበቅበትም። ዕድሜዋ ከ21 በታች ሆና ካመለከተች ወላጆቿንና ከ18 በታች ያሉ ያላገቡ ወንድምና እህቶቿን ማካተት ትችላለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ግሪን ካርድ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳይዙ በሰው ወሬ አትሞክሩት፣ በተለይ «እኔ አስጨርስልሻለሁ» በሚል ደላላ።

የት ነው የሚደወለው?

አሁን አደጋ ላይ ያለች ልጅ ካለች 911። ጥርጣሬ ከሆነ፣ ወይም ምን እንደሆነ ካልገባችሁ፣ ብሔራዊው የእርዳታ መስመር 1-888-373-7888 ነው። ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ልጅ ከጠፋች ወይም ፎቶዋ ኢንተርኔት ላይ ከተለቀቀ ደግሞ የጠፉና የሚበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል 1-800-843-5678።

ስማችሁን መናገር ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉና ጠብቁ፣ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ያስገቡላችኋል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።